በአጋጣሚ የተሠራ ፊልም የለም

«ሻርኩ ባይበላሽ ኖሮ ‹ጆውስ› ተራ ፊልም ሆኖ ይቀር ነበር።» የፊልም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይህን የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ታሪኩ ለጆሮ ደስ ይላል። በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ገና የ27 ዓመት ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወደምትገኘው ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ካሜራውን ይዞ ሄደ። ለፊልሙ የተሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ ግን ጨዋማውን ውኃ አልቻለውም። ይሰምጣል፣ ይዝጋል፣ ሲፈለግ አይታዘዝም። ዳይሬክተሩ ቢቸግረው አውሬውን ሳያሳይ መቅረጽ ጀመረ፤ ያልታየው ከሚታየው ይልቅ አስፈራ፤ ሰው ባሕር መግባት ፈራ፤ የሲኒማ ቤቶች ሣጥን ሞላ። ብልሽት ድንቅ ሥራ ወለደ፣ ይባላል።

እንዲህ ያለው የፊልም ጓዳ ወሬ ዛሬ ከፊልሞቹ ያልተናነሰ ገበያ አለው። የትኛው ንግግር በስክሪፕቱ ውስጥ እንዳልነበረ፣ የማን ጣት በቀረጻ ላይ እንደተሰበረ፣ የትኛው ደም የእውነት እንደሆነ የሚዘረዝሩ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ማለቂያ የላቸውም። ብዙ ሰውም ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ የሚመስለው በእነዚህ ነው። ከወሬዎቹ ሥር የተቀበሩት እምነቶች ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ታላቅ ትዕይንት የዕድል ልጅ ነው ይላል። ሌላው ተዋናይ የምሩን ካልተሰቃየ ትወናው እውነት አይሆንም ይላል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ሁለተኛውማ ሰው አስገድሏል።

ከሻርኩ እንጀምር። ብልሽቱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ፤ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት ወጪ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ነገር ግን የተበላሸ ማሽን በራሱ የሚሰጠው ነገር ቢኖር የባዶ ባሕር ምስል ነው። ከባዶ ባሕር ፍርሃት ማውጣት የሰው ሥራ ነው፤ ሰዎቹም ስም አላቸው። የፊልሙ ሲኒማቶግራፈር ቢል በትለር ካሜራውን በውኃው ገጽ ልክ የሚያንሳፍፍ ውኃ የማያስገባ ሣጥን አሠርቶ ተመልካቹን እስከ አገጩ ባሕር ውስጥ ከተተው። በሻርኩ ፋንታ ቢጫ በርሜሎች ውኃውን እየሰነጠቁ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ሰው በርሜል አይቶ የሚርበተበተው በርሜሉ የምን ምልክት እንደሆነ ታሪኩ ቀድሞ ስላስተማረው ነው። የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊልያምስ ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያንጎራጉራቸውን ሁለት ኖታዎች ይዞ መጣ። በመክፈቻው ሌሊት በማይታይ ኃይል ወዲያና ወዲህ የምትናጠው ዋናተኛ ሱዛን ባክሊኒ የምትባል የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ባለሙያ ነበረች፤ ሰውነቷ ላይ በታሰረ መታጠቂያ ግራና ቀኝ በገመድ ይጎትቷት የነበሩትም የቀረጻው ሠራተኞች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቨርና ፊልድስ አለች። ከዚያ ሁሉ የተቆራረጠ፣ ሰማዩ አንድ ቀን ደመና አንድ ቀን ብራ ከሆነ ጥሬ ምስል ውስጥ አንድ ወጥ ፍርሃት የፈተለችው ኤዲተሯ እርሷ ናት። ፊልሙ ለሙከራ ለተመልካች ከታየ በኋላ ስፒልበርግ አንድ ጩኸት ጎደለኝ ብሎ ከሰጠመ ጀልባ ቀዳዳ የሟች ጭንቅላት ብቅ የሚልበትን ትዕይንት እንደገና መቅረጽ ፈለገ። ስቱዲዮው ተጨማሪ ገንዘብ አልሰጥም ስላለ ከኪሱ ከፍሎ፣ በቨርና ፊልድስ የግቢ መዋኛ ውስጥ ቀረጸው። ውኃው የባሕር ድፍርስ እንዲመስል ወተት ተጨመረበት። ሰው ከወንበሩ ተፈናጥሮ የሚነሣበት ያ ቅጽበት ከማሽን ብልሽት ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ታቅዶ፣ ተለክቶ፣ ተከፍሎበት የተሠራ ነው። አጋጣሚ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወተት አይበጠብጥም። ‹ጆውስ› በ1976 ያገኛቸው ሦስት ኦስካሮችም ለኤዲቲንግ፣ ለሙዚቃና ለድምፅ የተሰጡ ናቸው። ሸላሚዎቹ ማን ምን እንደሠራ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ የረሳው ወሬው ነው።

እዚያው ፊልም ላይ ያለች ሌላ ወሬ አለች። የፖሊስ አዛዡ ሻርኩን መጀመሪያ በቅርበት ሲያይ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ትልቅ ጀልባ እንደሚያስፈልግ ለመርከቡ ባለቤት ይነግረዋል። ይህችን ንግግር ተዋናዩ ሮይ ሻይደር ከራሱ ፈጠራት እየተባለ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተደነቀ። ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ካርል ጎትሊብ ግን ነገሩን ከሥሩ አስረድቷል። ፕሮዲውሰሮቹ ገንዘብ ለመቆጠብ ለሠራተኞቹና ለዕቃው የመደቡት ረዳት ጀልባ ትንሽ ስለነበር ሠራተኞቹ ሲያጉረመርሙ የሚሏት ነገር ነበረች። ከዚያም አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር፣ ምሳም በዘገየ ቁጥር የምትወረወር ቀልድ ሆነች። ሻይደር ከእነርሱ አፍ ወስዶ በየትዕይንቱ ሲሞክራት አንዷ በቦታዋ ገጠመችና ቀረች። ሻይደር ብልህ ተዋናይ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የአንድ ሰው ድንገተኛ ብልጭታ ተብሎ የተሸጠው ነገር በጠባብ ጀልባ የተንገላቱ የብዙ ሠራተኞች እሮሮ ነው። የጓዳ ወሬ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጓዳው ውስጥ የነበረውን ሁሉ አስወጥቶ አንዱን ብቻ ያስቀምጣል።

ወተት ካነሣን፣ ከ‹ጆውስ› መዋኛ የበለጠ ዝነኛ የሆነ ሌላ የፊልም ወተት አለ፤ እርሱ ግን ኖሮ አያውቅም። በ1952 በወጣው ‹ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን› ጂን ኬሊ በዝናብ ውስጥ የሚጨፍርበትን ትዕይንት በተመለከተ፣ ዝናቡ በካሜራ እንዲታይ ውኃው በወተት ተበጥብጧል የሚል ወሬ ትውልድ ተሻግሯል። እውነቱ ሌላ ነው። ዝናቡ የሚታየው ሲኒማቶግራፈሩ ሃሮልድ ሮሰን መብራቱን ከዝናቡ ኋላ ስለተከለው ነው፤ ብርሃን ከኋላ ሲመታው ጠብታው ሁሉ ያበራል። መንገዱ ቀን በጥቁር ሸራ ተሸፍኖ ሌሊት ሆነ። ኬሊ እግሩን የሚያሳርፍባቸው ኩሬዎች በዳንሱ ስልት መሠረት አስፋልቱ ውስጥ ተቆፈሩ። ኬሊ በዚያን ጊዜ ከፍተኛ ትኩሳት እንደነበረበት ሁሉም ያወራል፤ የመብራቱን ነገር የሚያወራ ግን የለም። የወተቱ ወሬ ሙያን ወደ ተንኮል ይቀይራል። አንድ ባለሙያ ዕድሜውን የፈጀበት ዕውቀት «ወተት ጨመሩበት» በሚል በሁለት ቃል ይገላገሉታል።

ለመሆኑ እነዚህ ወሬዎች ከየት ይመጣሉ? አብዛኞቹ ከሥራው ቦታ አይመጡም። ገና ከጥንስሱ የስቱዲዮ ማስታወቂያ ክፍሎች የሚጠምቁት ነገር ነበር። የ‹ካዛብላንካ›ን ዋና ገጸ ባሕርይ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ሊጫወተው ነበር የሚለው ዛሬም እንደ ጉድ ይነገራል። የወሬው ምንጭ በ1942 መጀመሪያ ላይ የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ለጋዜጦች የበተነው አጭር ዜና ነው። የዚያ ጊዜ ልማድ በደመወዝ ያሉ ተዋንያንን ስም ከሕዝብ ጆሮ እንዳይጠፋ በየዜናው መወርወር ነበር። ሬገን ያን ጊዜ የጦር ሠራዊቱ ተጠባባቂ መኮንን ሆኖ የዘመቻ ጥሪ ይጠብቅ ነበር፤ ፕሮዲውሰሩ ሃል ዋሊስ ያሰበውም ሃምፍሬይ ቦጋርትን ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው የማስታወቂያ ወረቀት ዛሬ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ተብሎ ይቀርባል።

የሲኒማ የመጀመሪያው ወሬም እንዲሁ ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ወደ ጣቢያ የሚገባ ባቡር ሲያሳዩ ተመልካቹ ሊጨፈልቀን ነው ብሎ እየጮኸ ሸሸ ይባላል። ጀርመናዊው የፊልም ታሪክ ተመራማሪ ማርቲን ሎይፐርዲንገር የዘመኑን ሰነዶች መርምሮ ለዚህ ሽብር አንድም የጊዜው ማስረጃ እንዳልተገኘ አሳይቷል። በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በፓሪሱ ግራንድ ካፌ በተደረገው ዝነኛ የመክፈቻ ምሽትም የባቡሩ ፊልም ከታዩት አሥር ፊልሞች አንዱ አልነበረም። ወሬው ግን ለሁሉም ጠቀመ። ሲኒማን ኃያል አስመሰለ፣ የጥንቱን ሰው ሞኝ አደረገ፣ የዛሬውን ተመልካች ደግሞ ብልህ ነኝ አሰኘው።

እስከዚህ ያለው ቢበዛ የታሪክ ማዛባት ነው፤ ጉዳቱ ስማቸው በተዘለለ ባለሙያዎች ላይ ብቻ ያርፋል። የስቃይ ወሬ ግን ሌላ ነገር ነው።

‹ዘ ሻይኒንግ›ን እንውሰድ። ሼሊ ዱቫል በደረጃው ላይ የቤዝቦል ዱላ ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች የምታለቅስበት ትዕይንት 127 ጊዜ ተደጋግሞ ተቀረጸ፣ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እስክትሰበር ድረስ አሠቃያት፣ ስለዚህ እንባዋ የእውነት ነው ይባላል። ቁጥሩ በክብረ ወሰን መዝገብ ሳይቀር ገብቷል፤ በቀረጻውና በኤዲቲንጉ ላይ የነበሩ ሰዎች ግን የተጋነነ ነው ብለው ተከራክረዋል። ቁጥሩ ይቆየንና ወሬው የሚለውን ልብ ማለት ይገባል። እንባዋ የእውነት ነው ማለት ትወናዋ ትወና አይደለም ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በቆየ ቀረጻ፣ በየቀኑ፣ ለሰዓታት፣ በትእዛዝ አልቅሳ፣ የትኛውም ምስል ከቀዳሚው ጋር እንዲገጥም ጠብቃ የሠራች ባለሙያ በወሬው ውስጥ የተገረፈች ልጅ ሆና ትቀራለች፤ ክብሩን ገራፊው ይወስዳል። ዱቫል ራሷ ፊልሙ በወጣበት በ1980 ይህን ተናግራ ነበር፤ ያ ሁሉ ድካም አልፎ ሂሱ ሁሉ ስለ ኩብሪክ እንደነበረና እርሷ በፊልሙ ውስጥ የሌለች ያህል እንደተዘለለች። በዓመቱ ‹ራዚ› የሚባለው የፌዝ ሽልማት ከመጥፎ ተዋንያን ተርታ መደባት። ዕጩነቱን የሰረዙት በ2022 ነው፤ እርሷ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈች።

እዚህ ላይ የሚታዘቡት ነገር አለ። ወንድ ተዋናይ ሲጎዳ ጀግናው ተዋናዩ ነው። ቪጎ ሞርተንሰን ‹በቀለበቶቹ ጌታ› ሁለተኛ ክፍል የራስ ቁር በእግሩ መትቶ ጣቱን ሲሰብር፣ ሕመሙን ወደ ትወና ለወጠው ተብሎ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ሴት ስትጎዳ ጀግናው ዳይሬክተሩ ነው። ቲፒ ሄድረን በአልፍሬድ ሂችኮክ ‹ወፎቹ› ፊልም ሰው ሠራሽ ወፍ ይሆናል ተብላ የሄደችበት ክፍል ውስጥ ለአምስት ቀን የእውነት ወፎች እንደተወረወሩባትና በመጨረሻ ሐኪም ዕረፍት እንዳዘዘላት ተናግራለች፤ በወሬው ዓለም ግን ይህ የሂችኮክ ረቂቅነት ማስረጃ ነው።

ተዋንያኑ ቢያንስ ስማቸው ይነሣል። በ1939ኙ ‹የኦዝ ጠንቋይ› ጠንቋይዋን የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን በእሳት መቃጠሏን የማያውቅ የፊልም ወሬኛ የለም። ድና ስትመለስ ከእሳትና ጢስ ጋር የተያያዘ ትዕይንት አልሠራም አለች፤ በእርሷ ፋንታ ጢስ የሚተፋው መጥረጊያ ላይ የተቀመጠችው የስታንት ባለሙያዋ ቤቲ ዳንኮ ነበረች። የጢሱ ቱቦ ፈንድቶ እግሯን አቆሰላት፤ ሆስፒታል ተኛች። ዳንኮን ስንት ሰው ያውቃታል?

ከዚህ ሁሉ ግን ሁለት ፊልሞችን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ የበለጠ ያስተምራል።

የመጀመሪያው በ1971 የወጣው ‹ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን› ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ከላይ ባቡር በሚሄድበት መንገድ ሥር የመኪና ማሳደዱን ሲቀርጽ ለክፍሉ ፈቃድ አልነበረውም። የስታንት ነጂው ቢል ሂክማን መንገዱ ሳይዘጋ፣ በእውነተኛ ትራፊክ መሐል በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ሃያ ስድስት ብሎክ ነዳ። ካሜራውን ይዞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ፍሪድኪን ራሱ ነበር፤ ካሜራማኖቹ ባለትዳርና የልጆች አባቶች ስለነበሩ። ማንም አልሞተም። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ አምስት ኦስካር ወሰደ፤ ይህችም ታሪክ ከጓዳ ወሬዎች ሁሉ በላይ ተወዳጅ ሆነች። ፍሪድኪን በእርጅናው ሰዎችን ለአደጋ እንዳጋለጠና ዛሬ ቢሆን ፈጽሞ እንደማያደርገው ሲናገር ኖረ። ወሬው ግን ጀብዱውን እንጂ ጸጸቱን አላነሣም።

ሁለተኛው ፊልም አልወጣም። በየካቲት 20 ቀን 2014 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ‹ሚድናይት ራይደር› የተባለ ፊልም ሠራተኞች ወንዝ በሚያቋርጥ የባቡር ድልድይ ላይ አልጋ ዘርግተው ሊቀርጹ ወጡ። የሐዲዱ ባለቤት ኩባንያ ፈቃድ ከልክሎ ነበር። ባቡር መጣ። የ27 ዓመቷ የካሜራ ረዳት ሣራ ጆንስ ሞተች፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ዳይሬክተሩ በ2015 ጥፋቱን አምኖ ታሠረ። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለውን ልዩነት ቢፈልጉ በአሠራሩ አያገኙትም። ሁለቱም ያለ ፈቃድ ገቡ፤ ሁለቱም እውነተኛ ምስል ፈለጉ። ልዩነቱ አንደኛው ዕድል የቀናው መሆኑ ብቻ ነው። ያ ዕድል «የድፍረት ጥበብ» ተብሎ ለአርባ ዓመት ሲወራ ነው ሣራ ጆንስን የመሰሉ ወጣቶች ወደ ሙያው የገቡት።

ዝርዝሩ በዚያ አያቆምም። በ1982 በ‹ትዋይላይት ዞን› ቀረጻ ሌሊት ሄሊኮፕተር ወድቆ ተዋናዩ ቪክ ሞሮውና ከሕግ ውጭ የተቀጠሩ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። በ2021 በኒው ሜክሲኮ በ‹ረስት› ቀረጻ ሲኒማቶግራፈሯ ሃሊና ሃቺንስ በጥይት ተገደለች፤ የጥንቃቄ ጉድለትን ጨምሮ በሥራው ሁኔታ ተማርረው የካሜራ ሠራተኞች ጥለው የወጡት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። በ1997 ደግሞ አንድ የካሜራ ረዳት 19 ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ እንቅልፍ ጥሎት ሞተ፤ አንጋፋው ሲኒማቶግራፈር ሃስኬል ዌክስለር በዚህ ተነሣሥቶ ስለ ፊልም ሠራተኞች እንቅልፍ ማጣት ዘጋቢ ፊልም ሠራ። እንቅልፍ ማጣት ለወሬ አይመችም፤ ስለዚህ አይወራም።

ተከራካሪው መልስ እንዳለው ይታወቃል። አጋጣሚ የምር አለ፤ ሰውም ፊልምን የሚወደው በእነዚህ ታሪኮች ነው፤ ጨዋታን እንዲህ ማክበድ ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያው እውነት አለው። ለ‹ጆውስ› የእውነት ሻርኮች የቀረጹት ባልና ሚስቱ ሮንና ቫለሪ ቴይለር በደቡብ አውስትራሊያ ባሕር ላይ ሳሉ አንድ ሻርክ ሰው ከሌለበት የብረት ፍርግርግ ጋር ተጠላልፎ በቁጣ ሲያናውጠው ካሜራቸው ውስጥ ገባ። ምስሉ ከመጠን በላይ ድንቅ ስለነበር ስክሪፕቱ ተቀይሮ ሊሞት የተጻፈለት ገጸ ባሕርይ እንዲተርፍ ተደረገ። ይህ ንጹሕ አጋጣሚ ነው። ሆኖም ዓመታት ከሻርክ ጋር ጠልቀው የኖሩ ሰዎች በቦታው ባይኖሩ ማን ይቀርጸው ነበር? ምስሉን አይቶ ታሪኩን ለመለወጥ የደፈረ ባይኖርስ? በየቀረጻው ስንት ሺህ አጋጣሚ ይከሰታል፤ አብዛኛው ተቆርጦ ይጣላል። የሚቀረውን የሚመርጥ ሰው አለ፤ ወሬው የሚዘለው ያን ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ «ፍቅር ይጨምራል» የሚለው፣ ከእኛም ደጃፍ የደረሰ ነው። የኃይሌ ገሪማ ‹ጤዛ› በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ስለ ፊልሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚነገረው 14 ዓመት መፍጀቱ ነው፤ የሚነገረውም እንደ ገዳማዊ ትዕግሥት ተደርጎ ነው። ከዚያ ጊዜ እጅግ የሚበዛው ግን ገንዘብ ፍለጋ ነበር። 14 ዓመት የአንድ ሰው ጽናት ማሳያ መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ለአፍሪካዊ ፊልም ሠሪ በሩን ዘግቶ የኖረ የፊልም ገበያ ክስ ነው። ችግርን በፍቅር ስናወራው ማንም ተጠያቂ አይሆንም። አንድ ወጣት ፊልም ሠሪ ያለ ክፍያ፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ዕረፍት ጓደኞቹን ሲያሠራ «ፊልም እንዲህ ነው» የሚለው ከየት ተምሮ ነው?

የጓዳ ወሬ ይቅር የሚል የለም፤ ጓዳው ውስጥ ያሉት ሰዎች ይግቡበት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ የሚያንስ አለመሆኑ ነው። በ1959ኙ ‹ቤን ሃር› የሠረገላ እሽቅድምድም ላይ አንድ የስታንት ባለሙያ ሞቶ ሞቱ ፊልሙ ውስጥ ቀረ ይባላል። ሐሰት ነው። የሆነው ይህ ነው። ጆ ካነት የተባለው የስታንት ባለሙያ የሚነዳው ሠረገላ በስብርባሪ ላይ ሲዘል ወደ ፊት ተወረወረ፤ ሠረገላውን ሳይለቅ ተንጠልጥሎ ተመልሶ ወጣ፤ የደረሰበት ጉዳት አገጩ ላይ ትንሽ ቁስል ብቻ ነበር። ምስሉ ፊልሙ ውስጥ ገባ፤ ተመልሶ ሲወጣ የሚያሳየው የቅርብ ምስል ደግሞ በዋናው ተዋናይ በቻርልተን ሄስተን ተቀርጾ ተቀጠለበት። ያን እሽቅድምድም ለወራት ያሠለጠነውና የመራው የጆ አባት ያኪማ ካነት ነበር። ሰው ያልሞተው በተአምር አልነበረም፤ በዝግጅት ነበር። ይህን የሚያወራ ግን ጥቂት ነው፤ ሰው ሳይሞት የተሠራ ሥራ ለወሬ አይጥምምና።

ፊልሙ አሥራ አንድ ኦስካር ሲወስድ ለስታንት የሚሰጥ ሽልማት አልነበረም። የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ለስታንት ዝግጅት ዘርፍ ለማቋቋም የወሰነው በሚያዝያ 2025 ነው። በ2027 ለሚወጡ ፊልሞች፣ በ2028 በ100ኛው ሥነ ሥርዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰጥ አስታውቋል።